ድልብ

እንግዳ ስቀበል እግር ነው የማየው፤
ፊትማ ምን ያውቃል፣ ዳገት ነው የሚለየው።
የሷ ጫማ አሮጌ፣ ማሰሪያው የላላ፣
ዕድሜዋ ስልሳ አልፏል፣ ምርኩዟ ዣንጥላ።
«ሹዪንግ» አለች ስሟን። እኔም «አስረስ» አልኳት፣
ከቤተ ማርያም ደጅ ነገሩን ጀመርኳት፦
ስለ አንድ ወጥ አለት፣ ስለ መሮው ስለት፣
ጣራው ከሜዳው ጋር እኩል ስለሆነበት።
ሥራዬ ልማድ ነው፤ የቀልድም ቦታ አለው፣
ዝም የምልበትም፣ ለፎቶ እንዲያመቸው።

ራሷን ነቀነቀች፣ ሰማችኝ በትሕትና፣
ከዚያ ጠየቀችኝ፣ ከደጁ ወጣ እንዳልን ገና፦
«ድልብ የሚባል ቁልቁለት፣ ይርቃል እንዴ ከዚህ?»

ድልብ!
ማን ድልብን ይጠይቃል? ድልብ ቅርስ አይደለም፤
በቢሮው ካርታ ላይ ስሙ አልሰፈረም፣
ጥላ አልተሠራለት፣ ትኬት የለው፣ ዘብ የለው፣
ጭነት መኪና ነው ሲያቃስት የሚውለው።

ከቦርሳዋ አወጣች ፎቶ፣ በላስቲክ ተቋጥሮ፤
አንድ ቀጭን ወጣት፣ በኛ ፀሐይ ጠቁሮ፣
አጠገቡ ያገር ሰው፣ ጋቢውን ታጥቆ፤
ሁለቱም ጥርብ ድንጋይ ላይ እጃቸውን ጥለው፣
እንደ በሬ ገዢ ደስታ አላስችል ብሏቸው።
«አባቴ ነው» አለች። «መንገድ ሊሠራ ነው የመጣው።»
በኛ አቆጣጠር ስልሳ ስምንት መሆኑ ነው።

በማግስቱ በጋሸና አድርገን፣
ብርዱ በመስኮት እየገባ፣
ሳልጠይቃት አወራችኝ፦

«የተወለድኩበት መንደር ቅርስ ሆነ።
በር ተበጀለት፣ ከበሩም ጎን የትኬት መስኮት።
በልጅነቴ ያላየሁትን ቀይ ፋኖስ
በየጣራው ክፈፍ ሰቀሉ።
ወንዙ ጠራ፤ ሰዉ ግን ፎቅ ላይ ወጣ፣ አሥራ አንደኛ።
የእናቴ ምድጃ በገመድ ታጥሮ
‹መንካት ክልክል ነው› ይላል።
ባለፈው ለሙት ዓመቷ ስሄድ
ትኬት ቆርጬ ገባሁ፣
በጡረተኛ መታወቂያ፣ በግማሽ ዋጋ።»

ሳቀች። እኔ ዝም አልኩ፤
የፎቶውን ዝምታ አይደለም።
ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት፦
ትናንት ካሳየኋት የድንጋይ ጎጆዎች ሦስተኛው፣
ባለ ደርቡ፣ «የላስታ ባህላዊ ቤት» ያልኩት፣
የእናቴ የደብሪቱ ነው።
ሰፈሩ ሲነሣ እሷ ኩራኩር ወጣች፤ ቤቱ ቀረ፣ ተጠብቆ።
መቃኑ ላይ በቢላ የተጫሩ መስመሮች አሉ፣
የኔና የወንድሜ ቁመት፣ በየፋሲካው።
እንግዳ ሲጠይቀኝ
«ትርጉሙ ያልታወቀ ጥንታዊ ምልክት» እላለሁ።

ድልብ ስንደርስ ጉም ነው፤ ሲኖትራክ ያቃስታል፣
ግንቡ ከገደሉ ጋር ትከሻ ገጥሟል፤
ጎማ ካልፈነዳ ማን እዚህ ይቆማል?
በቆሎ የሚጠብሱ፣ አያ እብሬ የሚባሉ፣
ፎቶውን አራቁት፣ አቀረቡት፣ «አቤት!» አሉ።
ሰዎቹን አላወቋቸውም።
«ውኃ አመላላሽ ልጅ ነበርኩ ያኔ፤
ድንጋይ ሲያነሡ የሚሉትን ግን ይዣለሁ እኔ።»

ብድግ ብለው፣ ጎንበስ ብለው፣
የሌለ ድንጋይ ጨብጠው፦
«ኢ! አር! ሳን! ስ!»
ከዚያ ወዲያ አያውቁም።
አራት ላይ ድንጋዩ ይነሣ ነበርና።

ሹዪንግ ዣንጥላዋን ለኔ ሰጠችኝ።
እጇን ግንቡ ላይ አሳረፈች፤
ገመድ የለም፣ ጽሑፍ የለም፣
ፎቶም አላነሣችም።
ትንሽ ቆይታ፣ ለድንጋዩ ይሁን ለሳቸው እንጃ፣
«ዉ» አለች።

አምስት ማለት ነው አለችኝ፣ መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ፣
አያ እብሬ ሒሳቡን እንቢ ያሉንን በቆሎ
እየፈለፈልን።